ትሉን የሸኘው ስኩዊድ

ተረት ተረት! የባሕር ሥር ቤት!

አሥር ክንድና እንደ ወፍ ያለ ጠንካራ ምንቃር ያለው ስኩዊድ የሚባል እንስሳ በባሕር ውስጥ ይኖር ነበር። እጅግ ደግ ስለነበር ሆዱ ውስጥ ትል ማሳደሩን እንኳ እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር። ትሉ ግን ዘወትር ያለቅስ ነበር።

«ምን ጎደለብህ ልጄ?» አለው ስኩዊዱ።

«ምንም አልጎደለብኝም ጋሼ፤ አገሬ ናፈቀኝ። እናቴ ያለችው ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ ነው። እኔ ገና እንቁላል ሳለሁ ከዚያ ወጣሁና ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር ፍጥረት ዋጠኝ፤ ሽሪምፑን ደግሞ እርስዎ በሉት። ትዳር መያዝ የምችለው እዚያ ስመለስ ብቻ ነው።»

ስኩዊዱ ክንዶቹን ዘርግቶ ተነሣ። «በቃ፣ እኔ እሸኝሃለሁ!»

«እስከ በሩ ይበቃኛል ጋሼ።»

«ነውር ነው! ጓዳ ድረስ አስገብቼህ ነው የምመለሰው።»

ትሉ ሐቀኛ ነበርና «እኛ ቤት የገባ እንግዳ ወጥቶ አያውቅም» አለው።

«እንዲህ ነው እንጂ እንግዳ አክባሪ ቤተሰብ!» አለ ስኩዊዱ። ከዚያም ሽቅብ ዋኝቶ፣ የዓሣ ነባሪውን አፍ ተከፍቶ ሲያገኘው፣ «ቤቶች!» ብሎ ገባ።

እናት ልጇን ስማ ስማ አልጠግብ አለች። «ሸኚህስ የት አሉ? አረፍ ይበሉና አንድ ነገር ይቅመሱ እንጂ!»

ትሉ ዞር ቢል ወለሉ ላይ ሳይፈጭ የቀረው የጋሼ ምንቃር ብቻ ነው።

«ቸኩለው ተመለሱ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ያ ጠባብ ሆድ ይናፍቀው ጀመር።

ተረቴን መልሱ፤ እንግዳ ሸኝታችሁ በደኅና ተመለሱ።