ፍርሃት ያጡት የቆሮሶ ልጆች

ድሮ፣ ዓሣና ወፍ እንደ እኛ በሚያወሩበት ዘመን፣ ስሙን የረሳሁት አንድ አገር ነበር። የዚያ አገር ሰዎች ሐዘን ጠናባቸው። እህል አልበላ አላቸው፣ እንቅልፍም ከዳቸው። ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ ሥር ቀምመው አጠጧቸው። ዳኑ፣ ሳቁ፣ ተመስገን ነው! ችግሩ ማሰሮውን ወንዝ ውስጥ ማለቅለቃቸው ነበር። የጠጡትም በየት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ... አትሳቁ! ሁሉም ወርዶ ሐይቅ ገባ፤ የሰዉን ሐዘን ያጠፋ መድኃኒት የዓሣውን ፍርሃት አጠፋው።

ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ የምትባል ዓሣ ነበረች። ቆሮሶ ልጆቿን የምትጠብቀው በአፏ ነው። አደጋ ሲመጣ "ልጆቼ፣ ወደ አፌ!" ትላለች፤ ጥልቅ ይላሉ፤ ግጥም ታደርገዋለች።

አንድ ጠዋት አባ ኮዳ መጣ፤ ያ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ኮዳ ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ። ጥላው ውኃው ላይ አረፈ።

"ልጆቼ፣ ወደ አፌ!"

"ምን ያስፈራል?" አሏት። "እንዲያውም እንዴት አደሩ እንበላቸው!"

የጎረቤቷ የአምባዛ ልጆች በቀደም ዕለት እንዴት አደሩ ሊሉት ወጥተው አልተመለሱም። ቆሮሶ ጭንቅ ጥብብ አላት። እሷንም መድኃኒቱ ነካክቷት ነበር፤ የእናት ፍርሃት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታጠብም።

አባ ኮዳ ደግሞ ብልጥ ነው። መንቆሩን በሰፊው ከፍቶ ውኃው ላይ ጋደም አደረገና፣ "ልጆች፣ አፍ ያው አፍ ነው። የእናታችሁ ጠባብ ነው፣ የእኔ አዳራሽ ነው፤ ግቡ!" አላቸው።

"ልጆቼ፣ ወደ አፌ!"

"ምን ያስፈራል?" ብለው ወደ መንቆሩ ጉዞ ጀመሩ።

ቆሮሶ ጮኸች፣ ለመነች፤ ማን ሰምቷት! ድንገት አንድ ነገር መጣላት። ፍርሃት ቢጠፋ የተረት ፍቅር መቼ ይጠፋል?

"ተረት ተረት!"

"የዓሣ በረት!" ብለው እየተጋፉ ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ። ግጥም! አባ ኮዳ የነከሰው ጭቃ ነው። ልጆቹ "ተረቱስ?" አሏት። በሞላ አፍ ማን ያወራል? "እምም፣ እምም" እያለች ይዛቸው ጥልቁ ውስጥ ገባች።

አባ ኮዳም አልቀረለትም። የማይፈራ ዓሣ ሲበላ ከርሞ የራሱም ፍርሃት ጠፍቷል። ዳር ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ አዞ ነበር፤ አፍንጫው ላይ ሄዶ ቆመ።

"አትፈራኝም እንዴ?" አለ አዞ።

"ምን ያስፈራል?"

"እንግዲያው አንተ ካልፈራኸኝ፣ እኔም አላፍርህም!" ብሎ ግምጥ! አባ ኮዳ ነፍሱን ይዞ አመለጠ፤ ጭራው ግን ቀረ።

ጭራ አልባው ወፍ እየተንጎራደደ ወይዘሮ ትርንጎ ደጅ ደረሰ፤ ውሻቸውን "እንዴት አደርክ?" አለው። እሳቸው አዋቂ ናቸው፣ ወዲያው ገባቸው።

"ወይ ጉዴ! ይሄማ የእኔ መድኃኒት ነው!" ብለው አገሩን ጠርተው ከውኃው ርቆ ጉድጓድ አስቆፈሩ። እጣቢውም፣ ያኛውም፣ እዚያ ሆነ። ሐይቁ ሲጠራ የቆሮሶ ልጆች ጥላ ባዩ ቁጥር እየተንቀጠቀጡ እናታቸው አፍ ይገቡ ጀመር። እሷም መንቀጥቀጣቸውን ስታይ በደስታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦ የታመመ ጠጥቶ ዳነ፣ ያልታመመ ጠጥቶ ባከነ።