የአራት ቀን ወንፈል

ዝናቡ ዘገየ። ሲመጣም በሽታ ይዞ መጣ፤ ከብት አለቀ። አንድ ሰው ከሁለት በሬዎቹ አንዱ ሞተበት፤ እሱም በወባ ተኛ። ጎረቤቱ ሽባባው የራሱን ጥማድ አምጥቶ አራት ቀን አረሰለት። ወንፈል ነው፤ ቀን በቀን ይመለሳል።

«በሚመጣው ክረምት እመልሳለሁ» አለ ሰውየው።

በዚያው ዓመት ሌባ በዛ። የወረዳው ምክር ቤት ሽጉጥ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሰውየው ፈቃድ ያለው የአባቱ ሽጉጥ ነበረው። ሚሊሻ መጥቶ ወሰደበት።

ሰውየው ነገር የሚተው አልነበረም። «ወረዳ ከሕገ መንግሥት በላይ ነው እንዴ?» ብሎ ከሰሰ። ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ላይ ወጣ።

ቀጠሮው ግን ሁልጊዜ በእርሻ ወቅት ይውላል።

«ወንድሜ፣ ወንፈሌስ?» ይለዋል ሽባባው።

«ቀጠሮ አለብኝ።»

«ከእኔም ጋር ነበረህ እኮ።»

ሰውየው በሽባባው ማሳ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ማዞር ለመደ።

በሦስተኛው ክረምት ተፈረደለት። ወረዳው እንዲህ ያለ ደንብ ለማውጣት ሥልጣን እንደሌለው ተወሰነ። ሽጉጡን ታጥቆ ሲመለስ ሽባባውን ማሳው ዳር ተቀምጦ አገኘው። ከበቅሎ ወድቆ ወጌሻ እግሩን አስሮለታል። የሰው ማሳ ሁሉ ታርሷል፤ የሱ አረም ለብሷል።

«ረታሁ» አለው ሰውየው።

«እሰይ። ማን ላይ ልትተኩስ ነው?»

«ማንም ላይ። መብቴ ነው።»

«መብትህስ ነው። ወረዳው የወሰደብህን አስመለስህ። አንተ የወሰድህብኝን ግን እኔ ለየትኛው ዳኛ ልክሰስ?»



ወገኖቼ፣ መክሰሱ ኃጢአት ነበር አልልም። እውነት ነበረው፤ ዳኛም መሰከረለት። ግን እናንተን ልጠይቅ። የተወሰደባችሁን ታውቃላችሁ፤ ቀኑን፣ የወሰደውንም ሰው ስም ታውቃላችሁ። የወሰዳችሁትንስ? በታመማችሁ ጊዜ ማን አርሶላችሁ በላችሁ? ያ ሰው ዝም ያለው ስለ ረሳ ይመስላችኋል? የሚከስበት ችሎት ስለሌለው ነው። እግዚአብሔር ግን ያን መዝገብ አልዘጋውም። በማን ማሳ ስታልፉ ነው ፊታችሁን የምታዞሩት? ከዚያ ጀምሩ።

ሰውየው ከዚያ ጀመረ። በማግስቱ የተረፈውን በሬና ኋላ የገዛውን ነድቶ ከሽባባው ማሳ ገባ። እርፍ ይዞ ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ጎኑን ወጋው። ፈታና ለሽባባው ሰጠው።

«ያዝልኝ።»

«ወረዳው እንኳ እንዲህ በቀላሉ አልወሰደውም» አለ ሽባባው።

አንድ ቀን አረሰ። ሁለት ቀን አረሰ። ሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ እየዘነበበት አረሰ። በአራተኛው ቀን ማታ በሬዎቹ ሲፈቱ ሽባባው ሽጉጡን አነሣና ዘረጋለት።

«እንካ። አሁን ምንም የለብህም።»