ነጥቧ የጠራቻቸው

አንድ ሰው ነበረ፤ ፊደል ቆጥሮ ቆጥሮ ኮምፒውተር እስከ ማዘዝ የደረሰ። እናቱ በሞተች በዓመቷ አባቱ ሌላ ሚስት ቢያገቡ፣ «ከእንግዲህ ለእኔ ሞተሃል» ብሏቸው ወጣ። አራት ዓመት! «አባትህ ታመዋል» ይሉታል፤ አይሄድም። ወይ መማር!

ደብሩ የምእመናኑን የክርስትና ስም ሁሉ በኮምፒውተር ከትቧል። በሞተ ሰው ስም መጨረሻ አንዲት ነጥብ ይደረጋል። ለሙታን መታሰቢያ ቀን ካህናቱ የሞቱትን ስም እንዲያወጣላቸው ለመኑት፤ እሱም «ነጥብ ያለበትን ስም አውጣ» ብሎ ትእዛዝ ጻፈ።

ማሽኑ ትእዛዙን መረመረ። ቅንፉ ተዘግቷል? ተዘግቷል። ምልክቱ ቦታውን ይዟል? ይዟል። «ትክክል ነው» አለ።

ምኑ ነው ትክክሉ? በዚያ በኮምፒውተሩ ቋንቋ ነጥብ ብቻዋን ስትቆም «የትኛውም ፊደል» ማለት ናት። ነጥብ እንድትሆን ከፊቷ ሌላ ምልክት ትሻለች፤ እሱ ምልክቱን ረሳ። ታዲያ ፊደል የሌለበት ስም አለ? የሞተውም ያለውም ሁሉም ወጣ። ወረቀቱን ሳያየው ሰጠ።

በመታሰቢያው ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ካህኑ በደብሩ ቅጥር ለተሰበሰበው ሰው ያነባሉ። «ወለተ ሐና… ኃይለ መስቀል…» እነዚህስ ሞተዋል። «ወለተ ትንሣኤ…»

«ውይ! የኔ ስም እኮ ነው!» አለች አንዲት ሴት።

«ዝም በይ፣ ሞክሼሽ ትሆናለች» አለቻት ጎረቤቷ።

«አስካለ ማርያም…» ጎረቤቷም ክው አለች።

ንባቡ ቀጠለ። ሰው ሁሉ እየተጠራ ደረቱን ይዳስሳል፤ ልቡ ይመታል ወይስ ቆሟል?

«ገብረ ሕይወት…»

«አቤት!» አለ ከኋላ የደከመ ድምፅ።

ልጁ የአባቱን ድምፅ ዐወቀ። ሰው እየገፋ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባባ፣ ከሙታን የጻፍኩህ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው አዩት። «ታዲያ ምን ትላለህ? ልሙት ወይስ ልቆይ?»

«ቆይልኝ!»

እናንተስ፣ ምእመናን? ጸሎታችሁ ያማረ፣ ስግደታችሁ የተቆጠረ፣ ነጠላችሁ የነጣ። ማንም ቢመረምራችሁ «ትክክል» ነው የሚላችሁ። ማሽኑም ያየው አጻጻፉን ነው፤ ማንን ከነነፍሱ እንደሚቀብር አልጠየቀም። እናንተ ጠይቃችኋል? እህቷን የቀበረች አለች እዚህ፣ እህቷ ሁለት በር አልፎ ሽሮ እየከካች። ልጁን የቀበረም አለ፤ ዐውቀዋለሁ፣ አንገቱን ደፍቷል።

ሂዱና ከነነፍሳቸው የቀበራችኋቸውን በስማቸው ጥሯቸው። በር ላይ ቆማችሁ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ጮክ ብላችሁ።

ምን ታዩኛላችሁ? ተነሡ እንጂ!