ገደ ቢሱ ደጋፊና የዋንጫዋ ጎል

ይህን ታሪክ እንደማታምኑኝ እምላለሁ፤ ካመናችሁኝ ግንባሬ ላይ ቀንድ ይብቀል። ግን እውነት ነው። ከዋሸሁም የዋሸሁት ትንሽ ነው።

አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ አሰግድ ይባላል። ጨዋታ ባለ ቀን ዱቄቱን ሳያራግፍ ወደ ኳስ ቤት ስለሚሮጥ፣ በመንገዱ ያሉ ውሾች ነጭ ነገር መጣ ብለው ይሸሹታል። ኳስ ቤቱ አግዳሚ የተደረደረበት፣ አንድ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ የተሰቀለበት የቆርቆሮ ቤት ነው። በቀኝ የቀዮቹ ደጋፊዎች፣ በግራ የሰማያዊዎቹ ይቀመጣሉ። አሰግድ ቀይ ነው። ቢቆርጡት ደሙ እንኳ ከሌላ ሰው ደም ይበልጥ ይቀላል።

ችግሩ ቀዮቹ ዋንጫ ካነሱ ዘመን አልፏል። ዋንጫውን ዓመት በመጣ ቁጥር ሰማያዊዎቹ ይወስዱታል። እንዲህ ሲሆን ጥፋተኛ ሰው መፈለጉ አይቀርም፤ የቀዮቹ ደጋፊዎች አለቃ ፋንታሁንም ፈልጎ አገኘው። አንድ ቀን አሰግድ ገና በሩን ሲያልፍ በረኛው ኳሷ ከእጁ አመለጠችው። ሌላ ቀን አሰግድ ሲያስነጥስ አምበሉ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ኳሷ ወደ ላይ ወጥታ እስካሁን አልወረደችም ይባላል። በቃ፣ አሰግድ ገደ ቢስ ነው ተባለ። ዓይኑ ያረፈባት ኳስ መረብ አትነካም ተባለ። ቀዮቹ ማጥቃት በጀመሩ ቁጥር «አሴ፣ ውጣልን» ይሉታል፤ እሱም ይወጣል። ምስኪኑ ይህን ሁሉ ዘመን ሲደግፍ ኖሮ የቡድኑን አንዲት ጎል ስትገባ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሁሌም ከውጭ ጩኸቷን ብቻ ነው የሚሰማው።

ሊጉ በሚዘጋበት እሁድ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ እርስ በርስ ተገናኙ። አቻ ከወጡ ዋንጫው የሰማያዊዎቹ ነው፤ ቀዮቹ የግድ ማሸነፍ አለባቸው። ፋንታሁን ገና ጨዋታው ሳይጀመር በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«አሴ፣ እንዳትቀየመኝ» አለው። «ዛሬ ገብተህ ዋንጫው ካመለጠን፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት እግርህ አይረግጥም። ሰላምታም የለንም።»

አሰግድ መንገዱን ተሻግሮ ልብስ ሰፊው ጋሽ ወርዶፋ በረንዳ ላይ ተጠለለ። ዝናቡ ሰማይ ተቀዶ የሚወርድ ይመስላል። ጋሽ ወርዶፋ ኳስ ክብ መሆኗን እንኳ እርግጠኛ አይደሉም፤ ራዲዮናቸው ግን ጣቢያ መቀየሪያው ተሰብሮ ስፖርት ላይ ቀርቷል። በዚያ ዝናብ ያንንም የሚሰማው የለም።

ከኳስ ቤቱ ጩኸት ወጣ። አሰግድ ብድግ አለ። ግን የማን ጩኸት ነው? ሁለቱም ወገን እዚያው ናቸው፤ ጎል ደግሞ ቀለም የላትም። ሽንት ሊሸና የወጣ አንድ ሰው አግኝቶ ሲጠይቀው ሰማያዊዎቹ ናቸው ያገቡት አለው። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ሌላ ጩኸት መጣ፤ ቀዮቹ አቻ አደረጉ። ከዚያ ዝም። አሰግድ ጥፍሩን በልቶ ጨርሶ የጃኬቱን ቁልፍ ማኘክ ጀመረ። ጋሽ ወርዶፋ ቁልፉን የሰፉት እሳቸው ስለሆኑ ተቆጡ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ድንገት አባራ። በዚያ ጸጥታ ራዲዮኑ ጮኸ፦ ቀዮቹ አገቡ፣ በባከነው ሰዓት፣ በግንባር።

አሰግድ ወደ ኳስ ቤቱ ዞረ። ኳስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ጆሮው የዋሸው መሰለው፤ ኋላ ገባው። የቴሌቪዥኑ ምስል ሰማይ ድረስ ወጥቶ ነው የሚወርደው፤ ራዲዮኑ ግን በአቋራጭ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ጎሏ ገና አልገባችም። አሁን ከሮጠ ያያታል። ጆሮው ዋሽቶት ከሆነ ግን ሁለተኛ እዚያ ቤት ላይገባ ነው።

ሮጠ። ጭቃውን እንዴት እንደተሻገረ ጭቃውም አያውቅም። በሩን በትከሻው ከፈተው። ውስጥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ ኳሷ ለማዕዘን ምት ቆማለች። ፋንታሁን ሲያየው ሰይጣን ያየ ያህል ደነገጠ። ዘሎ አንገቱን ያዘውና በሌላ እጁ ዓይኑን ከደነው።

«አጠፋኸን! አትይ!»

«ልቀቀኝ ፋንትሽ» አለ አሰግድ ምሰሶውን አቅፎ። «ትገባለች። እምልልሃለሁ ትገባለች።»

ኳሷ ተነሳች። አሰግድ ፊቱን ወደዚህም ወደዚያም አዞረ፣ የፋንታሁን ጣቶች ተንሸራተው ተከፈቱ፤ በዚያች ክፍተት አያት። አንድ ግንባር ከሁሉም በላይ ወጣ፣ ኳሷ ወረደች፣ መረቡ ተነፋ።

ቆርቆሮው ከግድግዳው ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ቅድም ሊያንቀው የነበረው ፋንታሁን አሰግድን ትከሻው ላይ ሰቀለው። ገደ ቢሱ ባንድ አፍታ ነቢይ ሆነ። አንዱ ከጃኬቱ ላይ ዱቄት እየጠረገ ለበረከት ግንባሩን ተቀባ። አሰግድ ግን ምንም አይሰማም፤ ያያትን ጎል ደጋግሞ እያየ ያለቅሳል።

በዚህ መሃል ጋሽ ወርዶፋ ራዲዮናቸውን አቅፈው በሩ ላይ ደረሱ።

«ምን ሆናችሁ ነው አሁን የምትጮሁት?» አሉ። «ጎሉ እኮ ቅድም ነው የገባው። ይኼ ልጅ እኔ ቤት ሰምቶ አይደል የመጣው።»

አሰግድን ቀስ ብለው አወረዱት። አንገቱን ሲያንቁትም፣ ትከሻ ላይ ሲሰቅሉትም፣ ያቺ ኳስ መረብ ውስጥ ነበረች። እኛም እንዲሁ ነን፤ ሌላ ቦታ ባለቀ ነገር አጠገባችን ያለውን ሰው እንረግማለን፣ ሲሳካም እንሸከመዋለን። እስቲ አስቡት፤ እናንተስ በማያውቀው ነገር በር ላይ ያስቀራችሁት ሰው የለም?

ፋንታሁን ብዙ አሰበ። ፊቱ ጠቆረ።

«ታዲያ» አለ በመጨረሻ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት በማን ምክንያት ነው ስንሸነፍ የኖርነው?»

ከግራ በኩል ዓይኑ በልቅሶ ያበጠ አንድ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ቀና አለ።

«በእኛ ነዋ» አለው።