ይርዳው ፋቂውና የጉሙ ድምፅ

ዱሮ ነው፣ በጣም ዱሮ፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና ስም ሳይወጣላቸው። ከገደል ጫፍ ላይ ወይራ አፋፍ የሚባል መንደር ነበረ። እዚያ ይርዳው የሚባል ቆዳ ፋቂ ይኖር ነበር። እሱ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ቀረብ በሉ።

የይርዳው ቤት ከመንደሩ ተገልሎ ወንዝ ዳር ነበር። ሰው ቆዳውን ይወስዳል፣ ከእጁ ግን አይቀበልም። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ዘወር ሲል ያነሡታል። ቡዳ ነው ይሉታል። ሚስቱን አለሚቱን ምጥ ሲያስጨንቃት ሴቶች እንዲረዷት ሊለምን ወደ መንደሩ ሮጠ። ጭቃ ሹሙ ጎንጤ በሩን ዘጋ። ሌላውም ጎንጤን አይቶ ዘጋ። አለሚቱ ከነልጇ ሞተች። ይርዳው ብቻውን ቀበራት።

በዚያ ዘመን የመንደሩ ቄስ ሞተው ምትክ አልመጣም። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፤ ደጁ ላይ ሣር በቀለ። ሰዉም ጸሎት ተወ። ያኔ ነው ድምፁ የመጣው።

ክረምት ሲገባ ከገደሉ ጉም ይወጣል። ከጉሙ ውስጥ ድምፅ ይጠራል። የሚጠራው በስም ነው፤ ድምፁም የሞተ ዘመድ ድምፅ ነው። የተጠራው ሰው የያዘውን ጥሎ ይሄዳል። የሄደ አልተመለሰም። ሰዎቹ ለገደሉ ጥቁር በግ አረዱ፣ ድንጋዩን ቅቤ ቀቡ። ድምፁ አልተወም።

አንድ ጠዋት ይርዳው ቆዳ ሲወጥር ጉሙ መጣ።

«ይርዳው» አለችው። የአለሚቱ ድምፅ ነው። «ና፣ ልጁን ያዝልኝ።»

ሄደ። ገደሉ ጫፍ ሲደርስ ከእግሩ ሥር ጠጠር ተንከባለለ። ሲወርድ ሰማው፤ ሲያርፍ ግን አልሰማም። ያኔ ፈራ። ሲፈራ የሚለው እናቱ ያስተማረችውን ጸሎት ነበር።

«አለሚቱ ከሆንሽ አብረን እንጸልይ» አለ። «አባታችን ሆይ።»

«አባታችን ሆይ» አለች። ቃል በቃል ተከተለችው።

«በደላችንንም ይቅር በለን።»

«በደላችንንም ይቅር በለን» አለች።

«እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል።»

ዝም አለች። ደገመው፤ ዝም። ከታች አንድ ነገር ሲያለከልክ ሰማ። ይርዳው ፊቱን ሳያዞር፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ከዚያ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። «እኔ ተርፌያለሁ። እነሱ ለአለሚቱ በር አልከፈቱም» አለ በልቡ። ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ያ ቃል የተሰጠው ለእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። ተነሥቶ ወደ መንደሩ ወጣና በየደጁ ቆሞ ተናገረ። «የጠራችሁን አባታችን ሆይ አስደግሙት። እስከ መጨረሻው ካልደገመ አትከተሉት።»

«ደግሞ ፋቂ ሊያስተምረን መጣ» አሉና በድንጋይ አባረሩት። ግንባሩ ደማ። ደሙን ጠርጎ እንደገና መጣ።

ከዚያ ውድነሽ የምትባል መበለት ተጠራች፤ በሟች ልጇ ድምፅ። ሰዉ ከየበሩ ቆሞ ያያታል እንጂ የሚከተላት የለም። ይርዳው ጉሙ ውስጥ ሮጦ ገባና ነጠላዋን ያዘ።

«እማማ፣ ያስደግሙት።»

«ልቀቀኝ፣ ልጄ ነው።»

«ልጅዎ ከሆነ ይደግማል።»

ጸለዩ። የሱ፣ የሷ፣ የጉሙም ድምፅ አብሮ ሄደ። እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ የጉሙ ቀረ። ውድነሽ እያለቀሰች ተመለሰች፤ የፋቂውን እጅ እንደያዘች መንደሩ ገባች። ከዚያ በፊት ከመንደሩ ያን እጅ የያዘ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ጉሙ መንደሩን ሁሉ ዋጠው። ቀትር ላይ ነው፤ ሰው ግን የገዛ እጁን አያይም። ሁሉም በየስሙ ተጠራ። ጥሪው እንደ ገበያ ጫጫታ ሆነ። ሕዝቡ መሄድ ጀመረ፤ ጎንጤም ከፊት። ይርዳው ቀደማቸውና ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆመ።

«አባታችን ሆይ» አለ በታላቅ ድምፅ። ውድነሽ ተቀበለች። ሌሎቹም ተቀበሉ። ጉሙም ተቀበለ። «በደላችንንም ይቅር በለን» አሉ ሁሉም።

ይርዳው ቀጣዩን ሊል አፉን ከፈተ። ፊት ለፊቱ ጎንጤ ቆሟል። ቃሉ አልወጣለትም። ሕዝቡ ዝም፣ ጉሙም ዝም። ያ ማለክለክ ከኋላው መጣ፤ ትንፋሹ አንገቱን ሞቀው። ከፊት የቆሙት አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ ተራመዱ።

«ጎንጤ» አለ ይርዳው። «በር ዘጋህብኝ። አለሚቴ ሞተች። ይቅር ብዬሃለሁ።» ከዚያ ቃሉን ተናገረው።

ጎንጤም ተንበርክኮ ደገመው። ሕዝቡም ደገመው። ጉሙ ብቻ አልደገመም። ያኔ ሁሉም ከእግሩ ሥር ያለውን ገደል አየ። እየተያያዙ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ና እንግዲህ ወንድሜ፣ እንሂድ» አለው ጎንጤ።

«ቀድመው የሄዱትስ?» አለ ይርዳው። «የጸሎቱን መጨረሻ የነገራቸው የለም።»

ዞረና በፍየል መንገድ ወደ ጉሙ ወረደ። ጸሎቱ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ ሰሙት። እሱን ዳግመኛ ያየው የለም። ከዚያ ወዲህም ጉሙ ማንንም በስሙ አልጠራም።

የወይራ አፋፍ ሰዎች እስከ ዛሬ ጉም በወጣ ቀን ሲጸልዩ «ይቅር በለን» ብለው ዝም ይላሉ። ይጠብቃሉ። ከታች፣ ከገደሉ፣ ቀጣዩ ቃል በብዙ ሰው ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ እነሱም ይሉታል። እኔም ሄጄ ሰምቻለሁ፤ ጸጉሬ ቆሟል። ቂም የያዘ ሰው ግን አይሰማውም ይባላል። ለዚህ ነው በዚያ አገር የተጣላ ሁሉ የሰኔ ጉም ሳይወጣ የሚታረቀው። «ዝምታው እንዳያገኘኝ» ይላል ታራቂው፤ ይህን ሲሉት እምቢ የሚል የለም።