ሚዳቋ የጠራችው ጉዞ

ተረት ተረት ስላችሁ በልባችሁም ስሙኝ። ወንዝ ዳር ደም እንዳይፈስ ሕግ ባለበት አገር፣ ነብር የሚዳቋን ልጅ አውሬው ሁሉ እያየ በላባት። ሚዳቋ ለዳኛው ለአንበሳ አቤት ብትል «ምስክር ከሌለሽ አልሰማም» ብሎ መለሳት።

እሷም «አብረን ችሎት እንሂድ» እያለች በየደጁ ዞረች።

ቁጡው ጃርት እሾኹን አቁሞ «ነብርን ወግተን እንግደለው!» አላት።

«የሌላ እናት ሐዘን አይጠቅመኝም። እሾኽህን አስተኝተህ ተከተለኝ» አለችው።

«እኔ ዘገምተኛ ነኝ፤ ወደኋላ አስቀራችኋለሁ» አለች ኤሊ።

«እንግዲያው አንቺ ምሪን» አለቻት።

ፈሪዋ ጥንቸል ከኋላ ተከተለች። በኤሊ እርምጃ በጸጥታ ሲጓዙ ያያቸው ሁሉ ተቀላቀላቸው። ሲደርሱ ነብር ከአንበሳ ጎን ተቀምጧል።

«ነብር ልጇን ሲበላ ያየ ማነው?» አለ አንበሳ።

ሁሉም አቀረቀሩ። ሚዳቋ ተስፋዋ ሊቆረጥ ሲል፣ ጥንቸል ከኋላ ወደ ፊት ወጥታ «ጌታዬ፣ እኔ አይቻለሁ» አለች።

«እኔም» አለ ጃርት። «እኔም» አለች ኤሊ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ «እኔም!» አለ።

አንበሳ ነብርን ከወንዙ አባረረው። ሚዳቋ እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣትም ነበር። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጣ ለልጇ አለቀሰች፤ አብሯት የመጣውም ሁሉ ዙሪያዋን ለለቅሶ ተቀመጠ።