በደረቅ ወንዝ የተራገፈ ጨው

አንድ ሰው ነበረ። ከቆላ ጨው በአህያ ጭኖ ደጋ እያወጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ያን ቀን የጫነው ጨው ያለ የሌለ ጥሪቱ ነበር። እኩለ ቀን ላይ አንድ ደረቅ ወንዝ ደረሰ። አሸዋው ይመቻል፣ ገደሉ ጥላ ይሰጣል፤ ጭነቱን እዚያው ወንዙ መሐል አራግፎ ጋደም አለ።

ከዳር ፍየል የሚጠብቁ አንዲት ባልቴት አዩት። «አንተ ሰው! ደጋው ትናንት ሲዘንብ ነው የዋለው። ጨውህን አውጣ!» አሉት።

ሰውየው ቀና ቢል ሰማዩ ብራ ነው። ደግሞም ደክሞታል። ስለዚህ ሒሳቡን ጀመረ። እዚህ ስንቴ አርፎ ምን ሆነ? ምንም። ጎርፍስ የሚመጣው ክረምት ሲገባ አይደል? ለዛሬ ብቻ ቢሆን ምን አለበት? ሒሳቡ አማረለት፤ ልቡ ግን ፈራ።

«ለመሆኑ ይመጣል ይላሉ፣ እናቴ?»

«እኔ ጠንቋይ ነኝ? ሊመጣም ሊቀርም ይችላል።»

«ቢመጣ ያስታውቃል?»

«እንዴታ! ጨውህን ከወሰደ በኋላ ያስታውቃል።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ ሒሳቡን ጥሎ ተነሳ። እያጉረመረመ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ጭነቱን አንድ በአንድ ተሸክሞ ዳር አወጣ።

አዋላጇ እትዬ ጥሩወርቅ ተረቱን እዚህ ላይ አቆሙት። ሐረገወይን አላስቻላትም። የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ «ከትናንት ወዲያ ከጓደኛዬ ጋር ያለ መከላከያ ተገናኘን፤ አንዴ ብቻ ነው፣ ቀኑንም ቆጥሬያለሁ፤ አረግዝ ይሆን?» ብላ የጠየቀቻቸው እሷ ነበረች።

«ጎርፉስ መጣ?» አለች።

«መጣም ቀረም ጨዉ ዳር ላይ ነው። ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። አንዴ ብቻ ነው ትያለሽ፤ ለማርገዝ አንዴም ይበቃል። ቆጠርኩት ያልሽው ቀን ያ ብራ ሰማይ ነው፤ የወንድ ዘር ማህፀን ውስጥ ቀናት ይሰነብታል፣ እንቁላሉም ሁልጊዜ ቀጠሮ አያከብርም። ታረግዣለሽም አታረግዢም ብዬ አልምልልሽም። ዳሩ ግን ገና ቅርብ ነው። ድንገተኛ መከላከያው እንክብል ይኸውልሽ፤ ቶሎ ሲወሰድ ይበረታል፣ አምስት ቀን ካለፈ ግን አትመኪበት። እሱም ቢሆን መቶ በመቶ አይደለም፤ ወር አበባሽ ከዘገየ መጥተሽ ትመረመሪያለሽ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ የኔ ልጅ። በይ፣ ሒሳቡን ተዪውና ተነሽ፤ እንክብሉን የምትውጪበት ውሃ ያውና።»